አዲስ ዓሣ በፎቶ ብቻ አይታወቅም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ወደ ሐዋሳ ሐይቅ በሚገባው በጥቁር ውሃ ወንዝ «አዲስ የዓሣ ዝርያ ተገኘ» በሚል ያወጣችሁት ዘገባ ማስረጃው አንድ የስልክ ፎቶ ነው። ይህ አይበቃም። የዓሣ ቀለም በዕድሜ፣ በፆታና በመራቢያ ወቅት ይለዋወጣል፤ ናሙና እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ ሲገባማ ይደበዝዛል። ባለሙያ የሚተማመነው በሚቆጠረውና በሚለካው ነው፦ በጎኑ ከራስ እስከ ጅራት በሚዘልቀው መስመር ላይ ባሉት ቅርፊቶች፣ በክንፎቹ ዘንጎች፣ በአፉ አቀማመጥ። ከቅርብ ዘመዶቹ ጋርም መነጻጸር አለበት። የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ደንብ ደግሞ ስሙን የሚሸከም፣ ማለትም የዝርያው ስም መለኪያ ሆኖ የሚቀመጥ ናሙና ይጠይቃል። የዓሣ ተመራማሪዎቹ አበበ ጌታሁንና ሜላኒ ስቲያስኒ እ.ኤ.አ. በ2007 ከጣና ሁለት አዳዲስ ዝርያዎችን የገለጹት በዚህ መንገድ ነው።

ለነገሩ ናሙናው ከየት ይምጣ? በሐዋሳው የዓሣ ገበያ በአሞራ ገደል ከቆሮሶና ከአምባዛ ሌላ ዞር ብሎ የሚያይ የለም፤ መረብ ውስጥ የገባች ጣት የምታህል ዓሣ እዚያ ለሚያንዣብበው ትልቅ ወፍ ለአባ ኮዳ ትወረወራለች።

ስለዚህ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አልኮል የያዙ ጠርሙሶችን ለአስጋሪዎች ቢያድል መልካም ነው። የተያዘበት ቦታና ቀን በእርሳስ ተጽፎ አብሮ ይግባ፤ የብዕር ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ለዘረ መል ምርመራ የሚሆን የክንፍ ቁራጭም ዓሣው ፎርማሊን ሳይነካው ይወሰድ።

አንባቢ፣ ከሐዋሳ