የሳይንስ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አር ኤን ኤን የሚይዙ መድኃኒቶች

በደብረ ብርሃን የሚገኘው ትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክበብ ዘንድሮ ሥራውን በአንድ ርዕስ ላይ ብቻ አድርጓል፤ ይኸውም አር ኤን ኤን (በሴል ውስጥ የዘረመልን መልእክት የሚያደርሰውንና ፕሮቲን በመሥራት የሚሳተፈውን ሞለኪውል) ዒላማ ያደረጉ ትናንሽ ሞለኪውሎች ለመድኃኒትነት እንዴት እንደሚነደፉ ማጥናት ነው። አብዛኞቹ መድኃኒቶች የሚሠሩት ከፕሮቲን ጋር በመያያዝ ነው፤ ይሁን እንጂ ብዙ ፕሮቲኖች መድኃኒት የሚያርፍበት ጎድጓዳ ስፍራ ስለሌላቸው፣ ፕሮቲኑ ከመሠራቱ በፊት መልእክቱን የያዘውን አር ኤን ኤ መድረስ እንደ ሌላ መንገድ ይታያል።

አባላቱ ጉዳዩን መጀመሪያ ላይ ከእኛ የራቀ አድርገው ነበር የተመለከቱት። ሐሳባቸውን ያስለወጠው አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ለትራኮማ የሚታዘዘውን የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ይዞ መጥቶ አሠራሩን መጠየቁ ነው። ቴትራሳይክሊን የሚያርፈው በባክቴሪያው ራይቦዞም (ከአር ኤን ኤና ከፕሮቲን የተሠራው የፕሮቲን ማምረቻ) ትንሹ ክፍል አር ኤን ኤ ላይ ሲሆን፣ ለዚሁ በሽታ በዘመቻ የሚታደለው አዚትሮማይሲን ደግሞ የትልቁን ክፍል አር ኤን ኤ ይይዛል። የራይቦዞምን ቅርጽ ያጠኑት ራማክሪሽናን፣ ስታይትዝና ዮናት እ.ኤ.አ. በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

ከመንዝ በመጣ የበግ ጸጉር ፈትል ላይ ተማሪዎቹ የአር ኤን ኤን አራት ፊደላት የሚወክሉ አራት ቀለም ያላቸውን ዶቃዎች ሰክተው፣ «ኤ»ን (A) ከ«ዩ» (U)፣ «ጂ»ን (G) ከ«ሲ» (C) ጋር እያጣመሩ አር ኤን ኤ በራሱ ላይ ሲታጠፍ አሳይተዋል። ጥንድ ያላገኙት ዶቃዎች ወደ ጎን ወጥተው ኪስ የመሰለ ክፍተት ሠሩ፤ ሞለኪውሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ክፍተት ነው። አንዲት ተማሪ አር ኤን ኤ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ካለው አዎንታዊ ሙል የበዛበትን ሞለኪውል መሥራት አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀች። እንዲህ ያለው ሞለኪውል ካገኘው አር ኤን ኤ ሁሉ ጋር ስለሚጣበቅ ጤነኛውንም ሥራ ያውካል፤ በእኔ እምነት የዓመቱ ጠቃሚ ውይይት ይህ ነበር።

ረጅሙን ጊዜ የወሰደብን እ.ኤ.አ. በ2020 በአሜሪካ የተፈቀደው ሪስዲፕላም የተባለው መድኃኒት ነው። በዘር በሚተላለፈው የአከርካሪ ነርቭና የጡንቻ መመንመን በሽታ የኤስኤምኤን1 ዘረመል ይጎድላል ወይም አይሠራም፤ መንትያው ኤስኤምኤን2 ቢኖርም ጥሬ አር ኤን ኤው ሲከረከም 7ኛው ቁራጩ (ኤክሰን 7) በአብዛኛው ተቆርጦ ስለሚወጣ፣ የሚገኘው ፕሮቲን ቶሎ ይፈርሳል። በየቀኑ በአፍ የሚወሰደው ሪስዲፕላም ያ ቁራጭ ሳይቆረጥ እንዲቀር ያግዛል፤ በሽታውን ግን ከሥሩ አይነቅልም።

ለመጪው ዓመት አባላቱ የመረጡት ባክቴሪያዎች በራይቦዞማቸው አር ኤን ኤ ላይ ትንሽ ኬሚካላዊ ለውጥ አድርገው እንደ አዚትሮማይሲን ያሉ መድኃኒቶችን እንዴት እንደሚከላከሉ ነው። ዶቃና ፈትሉ በቤተ ሙከራው ቁም ሣጥን ተቀምጧል።