የካምፓላው ዘመቻ ተገቢ ነበር፤ ጥፋቱ የተሠራው ከድሉ በኋላ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በቅርቡ በአስተያየት ዓምዳችሁ የወጣ ጽሑፍ አምባገነንን ለማስወገድ የሚደረግ ጦርነት ሁሉ ፍጻሜው ጥፋት ነው በማለት፣ የ2003ቱን የኢራቅ ወረራ እና ታንዛኒያ በ1979 የኡጋንዳውን አምባገነን ኢዲ አሚንን ከሥልጣን ያባረረችበትን ጦርነት አንድ ላይ አውግዟል (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስለ ኢራቅ ከጸሐፊው ጋር ክርክር የለኝም። በኡጋንዳ ላይ የሰጡት ፍርድ ግን ስሕተት ነው ብዬ ስለማምን ይህን መልስ ጽፌያለሁ።

ኢራቅ በ2003 አሜሪካን አልወረረችም፤ ለጦርነቱ ዋና ምክንያት ተደርጎ የቀረበው የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ ክምችትም አልተገኘም። ታንዛኒያ ግን የተወረረች አገር ነበረች። በኦክቶበር 1978 መጨረሻ የአሚን ጦር የታንዛኒያን ድንበር ጥሶ እስከ ካጌራ ወንዝ ያለውን ወደ 1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ያዘ፤ አሚንም ከእንግዲህ የሁለቱ አገሮች ወሰን ወንዙ ነው ብሎ አወጀ። በእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ቤቶች ተቃጠሉ፣ የገበሬው ከብት እየተነዳ ተወሰደ፣ ወደ 1,500 የሚገመቱ ሲቪሎችም ተገደሉ። ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ አሚንን ለመምታት ምክንያቱም፣ አቅሙም፣ ቁርጠኝነቱም አለን ብለው ለሕዝባቸው የተናገሩት ከዚህ ወረራ በኋላ ነው።

የጸሐፊው ጠንካራ መከራከሪያ፣ ራስን የመከላከል መብት ወራሪው ከመሬትህ ሲወጣ ያበቃል የሚለው ነው። አሚን በኖቬምበር አጋማሽ ጦሬን መልሻለሁ ብሎ ነበርና፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ካምፓላ የተደረገው ግስጋሴ በራሱ ወረራ ሆነ ይላሉ። ኔሬሬ በአሚን ከሥልጣን የተባረሩትን የቀድሞውን የኡጋንዳ ፕሬዚዳንት ሚልተን ኦቦቴን አስጠግተው፣ በ1972 ተከታዮቻቸው ከታንዛኒያ ምድር ተነሥተው ኡጋንዳን እንዲወጉ መፍቀዳቸውንም ያስታውሳሉ። ይህ የመጨረሻው እውነት ነው፤ ኔሬሬም ከወቀሳ አያመልጡበትም። ነገር ግን ያ ሙከራ ከሽፎ ሁለቱ አገሮች በዚያው ዓመት በሞቃዲሾ ስምምነት አድርገዋል፤ ከስድስት ዓመት በኋላ በካጌራ ገበሬዎች ላይ ለደረሰው ግድያ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

ጦሬን መልሻለሁ መባሉም ቢሆን አንድ ነገር ይጎድለዋል። ኔሬሬ የጠየቁት አሚን የመሬት ይገባኛል ጥያቄውን እንዲተው፣ ለደረሰው ጉዳት ካሣ እንዲከፈል፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም ወራሪውን ለይቶ እንዲያወግዝ ነበር። ከሦስቱ አንዱም አልተፈጸመም። ድርጅቱ አጥቂውንና ተጠቂውን እኩል አይቶ ሁለታችሁም ተኩስ አቁሙ ከማለት አላለፈም። ድንበሩ ላይ መቆም ማለት እንግዲህ የአሚን ጦር እስኪያገግም መጠበቅና የካጌራን ሕዝብ ለሁለተኛ ወረራ ማዘጋጀት ነበር። በፌብሩዋሪ 1979 የኡጋንዳ ከተሞች ማሳካና ምባራራ ከተያዙ በኋላ ደግሞ ወደ ኋላ መመለስ የበለጠ ከባድ ሆነ፤ ሊቢያ አሚንን ለማዳን ወታደር እየላከች ባለችበት ሰዓት የታንዛኒያ ጦር ቢወጣ ኖሮ፣ ከእርሱ ጋር ተሰልፈው የተዋጉትን ኡጋንዳውያንና የተቀበላቸውን ሕዝብ ለአሚን ነፍሰ ገዳዮች አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር። (ይኸው ጦር በእነዚያ ሁለት ከተሞች ለካጌራ በቀል ብሎ ሕንፃዎችን በፈንጂ ማፍረሱ ግን ያለ ማመንታት ሊወገዝ የሚገባው ድርጊት ነው።)

ጸሐፊው በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያለፉት ኡጋንዳውያን በአሚን አገዛዝ ሥር ያሳለፉትን ስምንት ዓመት ነው። የሟቾቹ ቁጥር እስከ ዛሬ አከራካሪ ቢሆንም ግምቱ ከ80,000 እስከ 500,000 ይደርሳል። በ1972 በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ተደረገ፤ በ1977 የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ ጃናኒ ሉዉም ተገደሉ። በዚህ ሁሉ መካከል፣ በ1975፣ አሚን የአንድነት ድርጅቱ ሊቀ መንበር ሆኖ የመሪዎቹን ጉባኤ በካምፓላ አስተናገደ። ታንዛኒያ፣ ዛምቢያና ቦትስዋና በጉባኤው ላይ ለመገኘት እምቢ ሲሉ አብዛኞቹ አባል አገሮች ሄደው ታደሙ። በጁላይ 1979 በሞንሮቪያው ጉባኤ የሱዳኑ ጃፋር ኒሜሪና የናይጄሪያው ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ታንዛኒያን የወቀሱት፣ በ1963 እዚሁ አዲስ አበባ የተፈረመውን፣ በአባል አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ መግባትን የሚከለክለውን ቻርተር ጠቅሰው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ስለ ኡጋንዳ ሕዝብ ሞት ዝም ያለ ድርጅት፣ ገዳዩ በተባረረ በሦስተኛው ወር ስለ ሕግ ሲናገር መስማት እኔን እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከዚህ ወዲያ ግን ኔሬሬን ለመከላከል አልችልም። ካምፓላ ኤፕሪል 11 ቀን 1979 ተያዘች። በማርች በታንዛኒያዋ ሞሺ ከተማ የተሰበሰቡት የኡጋንዳ ስደተኛ ፖለቲከኞች አሚንን እንዲተኩ የመረጧቸው ዩሱፍ ሉሌ በሥልጣን የቆዩት 68 ቀን ብቻ ነው፤ ተከታያቸው ጎድፍሬይ ቢናይሳም በሜይ 1980 በወታደራዊ ኮሚሽን ተወገዱ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር በተደረገውና ውጤቱ ክፉኛ በተወገዘው ምርጫ የኔሬሬ የቆየ ወዳጅ ኦቦቴ ወደ ሥልጣን ተመለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን የታንዛኒያ ወታደሮች በኡጋንዳ ውስጥ ነበሩ፤ ስለዚህ የኡጋንዳውያን ጉዳይ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። በቀጣዩ ዓመት ዮዌሪ ሙሴቬኒ በኦቦቴ ላይ ሸምቀው ለመዋጋት ጫካ ገቡ፤ የውጊያው ዋና ስፍራ በነበረው በሉዌሮ ያለቀው ሕዝብ ያለቀው በዚህ ምክንያት ነው። አሚን ደግሞ አንድም ቀን ችሎት ሳይቀርብ በ2003 በሳዑዲ ዓረቢያ ሞተ።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው ጦርነቱ ራሱ ተገቢ አልነበረም ይላሉ። እኔ ግን በ1979 ኤፕሪል ከተወሰነው ውስጥ በ1980 የተደረገውን የግድ የሚያደርግ አንድም ነገር አላይም። ለምርጫው በቂ ጊዜ መስጠት፣ ቆጠራውን ለገለልተኛ ወገን ማስረከብ፣ ኦቦቴንም ከውድድሩ እንዲርቁ ማሳመን ለኔሬሬ ይቻላቸው ነበር፤ አላደረጉትምና ለዚያ ይጠየቁ።

የአፍሪካ ኅብረት በ2000 የጸደቀው የመቋቋሚያ ሕጉ፣ በጦር ወንጀል፣ በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በሚፈጸም ወንጀል ምክንያት ኅብረቱ በአባል አገር ውስጥ ጣልቃ የመግባት መብት እንዳለው በአንቀጽ 4 ደንግጓል። ይህ በ1978 የሌለ ነገር ነበር። ለኔሬሬ የቀረበላቸው ምርጫ ዝም ባለ ድርጅትና በራሳቸው ሠራዊት መካከል ብቻ ነበር። ስለዚህ ጸሐፊው ቢመልሱልኝ የምወደው ጥያቄ አንድ ነው፤ በኖቬምበር 1978፣ የካጌራ ድልድይ ፈርሶ፣ የአሚን ጦር ከድንበሩ ማዶ ሆኖ፣ ድርጅቱም ወራሪውን አላወግዝም ባለበት ሰዓት፣ የታንዛኒያ መሪ ምን ማድረግ ነበረባቸው?

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ
አዲስ አበባ