ሚዛን ብቻ አይበቃም፣ ወገብም ይለካ

ለአዘጋጁ፦

ስለ ውፍረትና የልብ ሕመም ያወጣችሁት ጽሑፍ ስንት ኪሎ እንደምንመዝን እንጂ ስቡ የት እንደተከማቸ አላነሳም። ትልቁ ጉዳይ ግን እሱ ነው።

እኛ ደብረ ብርሃን ቦርጭ አሁንም የድሎት ምልክት ነው። «ተመችቶሃል» ይባላል። እጅና እግሩ ቀጭን ሆኖ ቀበቶው ከሆዱ ሥር የወረደ ጎረቤት አለኝ። ወፍራም አይደለሁም ይላል፤ ሚዛኑም ይመሰክርለታል። እኔ ግን እሰጋለታለሁ። ከቆዳ ሥር ዳሌና ጭን ላይ ያለ ስብ ያን ያህል አያሰጋም። ሆድ ዕቃ ውስጥ፣ በጉበትና በአንጀት ዙሪያ የሚከማቸው ግን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቅባት ወደ ጉበት ይለቃል፤ የደም ሥርን የሚጎዱ ንጥረ ነገሮችም ያመነጫል። ስኳሩ፣ ደም ግፊቱ፣ የደም ቅባቱ ተከታትለው ይመጣሉ።

በ52 አገሮች የተካሄደው የኢንተርኸርት ጥናትም የወገብና የዳሌ ንጽጽር፣ በቁመትና በክብደት ከሚሰላው የውፍረት መለኪያ ይልቅ ድንገተኛ የልብ ሕመምን አጥብቆ እንደሚያመለክት አሳይቷል።

ስለዚህ በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎች ሁሉ ከሚዛኑ ጎን የልብስ ሰፊ ሜትር ይሰቀል። ዋጋው ኢምንት ነው። ልኬቱ ከመጨረሻው ጎድንና ከዳሌ አጥንት መሃል ይወሰድ። ከ94 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ወንድና ከ80 ያለፈች ሴት ደም ግፊታቸውና ስኳራቸው በዚያው ቀን ይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ቤት ለቤት ሲዞሩ ሜትሩን ይያዙ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን