ያወጣችኋት ጌኮ የአማዞን አትመስለኝም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከኋላ ወደ ፊት ነው። መጀመሪያ ስፖርቱን፣ ቀጥሎ ያቺን አስገራሚ ነገሮች የምታወጡባትን ጥግ፣ ፖለቲካው ላይ ስደርስ ቡናው በረካ ሆኗል።

ባለፈው ሰሞን በዚያች ጥግ ግድግዳ ላይ የተለጠፈች ግራጫ እንሽላሊት አወጣችሁ። ከፎቶው ሥር ሦስት ነገር ጽፋችኋል። በአማዞን ጫካ ብቻ የምትገኝ፣ ብዙም የማትታወቅ ጌኮ ናት። ከዓለም እንሽላሊቶች ሁሉ ትንሿ ናት። በግራጫ ቀለሟ ትለያለች። ዝም ብዬ ላልፈው ነበር። ግን ተማሪዎቼ ቆርጠው ክፍል ውስጥ ለጠፉት፣ አንዱ ልጅ ደግሞ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ይቺ እኮ ኮምቦልቻ እኛ ቤት አለች» አለ። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ልጁ አፍሮ ተቀመጠ። እኔም ስቄ ነበር፣ ኋላ ፎቶውን ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ሳቄ ጠፋ።

ጣቶቿን እዩ። ሰፋ ሰፋ ያሉ ናቸው። ጫፋቸው ላይ ደግሞ ቀጭን አንጓ ከነጥፍሩ ነጠል ብሎ ወጥቷል። ይሄ ሄሚዳክቲለስ የሚባለው ወገን ጣት ነው፤ ማታ ማታ ግድግዳችን ላይ ትንኝ የሚለቅሙት ጌኮዎች ብዙዎቹ የዚሁ ወገን ናቸው። በአማዞን የረገፈ ቅጠል ውስጥ የሚርመሰመሱት ጥቃቅኖቹ ጌኮዎች እንዲህ ያለ ጣት የላቸውም። የነሱ ቀጭን ነው። ልስን ግድግዳ ላይ ተለጥፈው ፎቶ መነሳት የነሱ ሥራ አይደለም።

ቅዳሜ ኮምቦልቻ ወረድኩ፣ አክስቴ ቤት። ደሴ ብርዱ አይመቻቸውም መሰለኝ፣ እኛ ቤት አንድም ቀን አይቼ አላውቅም። ስሄድ ፒያሳ ካለ ሰዓት ሠሪ ወዳጄ ዓይኑ ላይ የሚሰካትን ማጉያ ተዋስኩ፤ «ለምንህ ነው?» ሲለኝ «ለእንሽላሊት ጣት» አልኩት፣ ደግሞ አልጠየቀኝም። አመሻሽ ላይ በረንዳው አምፖል ሥር አንዷ ቆማ የእሳት ራት ታደባለች። የሻይ ብርጭቆ ደፋሁባት፣ ከሥር ካርቶን አሾልኬ አስገባሁ። ወዲያው መስታወቱ ላይ ወጥታ ተለጠፈች፤ እኔም የፈለግሁት ይሄንኑ ነው። የእግሯ ውስጥ ወለል ብሎ ታየኝ።

ሽንሽን ቀሚስ ታውቃላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ። በየጣቱ ሥር ቀጫጭን እጥፋቶች ተደርድረዋል፣ አብዛኞቹም መሃል ለመሃል ለሁለት ተከፍለዋል። በነዚያ እጥፋቶች ላይ በሰዓት ሠሪ ማጉያ እንኳ የማይታዩ እልፍ አእላፍ ፀጉሮች አሉ፣ መስታወት ላይ የሚያቆሟትም እነሱ ናቸው። ዓይኗ የዓይን ቆብ የለውም፤ እያየኋት ምላሷን አውጥታ ዓይኗን ላሰችው። ልጆች ሳለን «እንዳትነኳት፣ ገላችሁ ይላጣል» ትለን የነበረችው ይቺው አክስቴ ናት። (አይላጥም። ጌኮ መርዝ የለውም።) አሁን መነጽሯን አድርጋ አንዴ ቁራጩን ጋዜጣ አንዴ ብርጭቆውን አየችና «ወላሂ ይቺ የኔዋ ናት! ማን ነው አማዞን ድረስ ሄዶ ያነሳት?» አለች።

እኔ እንደ አክስቴ አልደፍርም። ፎቶው ደቡብ አሜሪካ ተነስቶም ሊሆን ይችላል፣ ነገሩ የሚጥመውም እዚህ ላይ ነው። ሄሚዳክቲለስ ማቡያ የምትባል የቤት ጌኮ አለች። መነሻዋ አፍሪካ ነው። በመርከብ ተሻግራ ዛሬ በብራዚል ከተሞች ግድግዳ ላይ እንደ ቤቷ ትኖራለች፤ ብዙ ተመራማሪዎች በባሪያ ንግድ መርከቦች ሳትሄድ እንዳልቀረች ይጠረጥራሉ። ይባስ ብሎ ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1818 ነው፣ ያውም ከአሜሪካ በኩል በተገኙ ናሙናዎች። አፍሪካዊቷ በስደት አገሯ ክርስትና ተነሳች ማለት ነው። ደግሞ ደቡብ አሜሪካ የራሱ የሆኑ ጥቂት የሄሚዳክቲለስ ዝርያዎች አሉት። ስለዚህ ከአንድ ፎቶ ተነስቼ «ማቡያ ናት» ብዬ ብጽፍ እናንተ የሠራችሁትን ስህተት እኔም ደገምኩት። የምለው ይሄን ብቻ ነው፦ በዚያ ጣት፣ የቅጠል ውስጥ ጥቃቅኖቹ ወገን አይደለችም።

እነሱን መለየትማ ሌላ ጣጣ ነው። አማርኛችን ሁሉንም እንሽላሊት ብሎ ይገላገላል። እዚያ ግን ከስፌሮዳክቲለስ ቤተሰብ ብቻ ጎናቶደስ አለ፣ ሌፒዶብሌፋሪስ አለ፣ ሱዶጎናቶደስ፣ ኮሊዮዳክቲለስ፣ ቻቶጌኮ። ስማቸው ከአካላቸው ይረዝማል። ቻቶጌኮ አማዞኒከስ የምትባለው ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ መነሻ 2.5 ሴንቲ ሜትር አትሞላም። (ጅራት አይቆጠርም። ጌኮ ጅራቱን ጥሎ ያመልጣል፣ የሚተካው ደግሞ የመጀመሪያውን አይመስልም። ጅራቱን ጨምሮ የለካ ሰው ምን እንደለካ አያውቅም።)

ታዲያ በምን ይለያሉ? በቀለም ነው ካላችሁ ከጎናቶደስ ጋር ትጣላላችሁ። እነዚህ ከሌሎች ብዙ ጌኮዎች በተለየ ቀን ቀን ይወጣሉ፤ የዓይናቸው ብሌንም የሌሊቶቹን ጌኮዎች ዓይን የመሰለ ስንጥቅ ሳይሆን ክብ ነው። ወንዱ ያጌጠ ነው። ለምሳሌ ጎናቶደስ ሁሜራሊስ፣ በአማዞን ተፋሰስ እንደልብ የሚታየው፣ ከትከሻው ፊት ለፊት ነጣ ያለ መስመር አለው፤ ስሙም ከትከሻ የመጣ ነው። ሴቷ ግን ቡናማና ግራጫ ናት፣ የሌላው ዝርያ ሴትም ቡናማና ግራጫ ናት፣ የሌላውም እንዲሁ። ወገኑ ከ30 በላይ ዝርያ አለው። «በግራጫ ቀለሟ ትለያለች» ስትሉ የሳቅሁት ለዚህ ነው፤ የማትለይበትን ነገር መርጣችሁ ነው መለያ ያደረጋችሁት።

ሥራው ያለው ቅርፊት ቆጠራ ላይ ነው። የጀርባው ቅርፊት እንደ ጤፍ ፍሬ የተበተነ ነው ወይስ እንደ ጣሪያ ክዳን የተነባበረ? ልሙጥ ነው ወይስ መሃሉ ላይ ጠርዝ አለው? የላይኛው ከንፈር ላይ ስንት ቅርፊት አለ? አገጩ ላይ ያለው ትልቁ ቅርፊት ከኋላው ምን ምን ተከትሎታል? ጥፍሩስ? ጎናቶደስ ጥፍሩ ሜዳ ላይ ነው። የቅጠል ውስጦቹ ግን ጥፍራቸው በጥቃቅን ቅርፊቶች በተሠራ ሰገባ ውስጥ ይገባል፣ እንደ ጎራዴ። የሰገባው ቅርፊቶች ስንት እንደሆኑና እንዴት እንደተቀመጡ ተቆጥሮ ነው ወገኑ የሚለየው። ይህ ሁሉ ከጤፍ ፍሬ ባነሰ ጥፍር ላይ፣ በማይክሮስኮፕ።

ያም ሆኖ አይበቃም። ቻቶጌኮ አማዞኒከስ መጀመሪያ ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1918 ነው፤ ያኔ ስፌሮዳክቲለስ ተባለች፣ ኋላ ኮሊዮዳክቲለስ ውስጥ ገባች፣ የራሷን ወገን ስም ያገኘችው በ2011 ነው። 93 ዓመት ሰው ቤት ኖራለች። ከዚያ ቀድሞ በ2010 የወጣ የዘረመል ጥናት ደግሞ አንድ ዝርያ ስትባል የኖረችው ውስጥ ከጥንት የተለያዩ በርካታ የዘር ሐረጎች እንዳሉ አሳየ። መልካቸው አንድ፣ ደማቸው ሌላ። ስለዚህ ከየት እንደተያዘች ካልተጻፈ ፎቶው ብቻውን ብዙ አይረዳም። «አማዞን» ደግሞ አድራሻ አይደለም። ከብራዚል እስከ ፔሩ፣ ከኮሎምቢያ እስከ ቦሊቪያ ነው። ወሎ ገብታችሁ «ሰይድ የሚባል ሰው ነበር» ብላችሁ እንደመፈለግ ነው። የቱ ሰይድ? የባቲው? የደላንታው?

የ«ትንሿ» ነገር አጭር ነው። ከጌኮዎች መሃል እ.ኤ.አ. በ2001 ስሟ የወጣው ስፌሮዳክቲለስ አሪያሴ ያለ ጅራቷ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፤ የምትኖረውም አማዞን ሳይሆን በካሪብያን፣ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጫፍ ባለች ቤያታ በምትባል ደሴት ነው። በ2021 ደግሞ ከማዳጋስካር ብሩኬሲያ ናና የተባለች እስስት ተገለጠች፣ የተገኘው ወንድ 13.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያውም የተገኙት አንድ ወንድና አንዲት ሴት ናቸው፣ ነገ የሚሆነውን እንጃ። ፎቷችሁ ላይ ያለችው ግን ከጎኗ ካለው የመብራት ማብሪያ ጋር ሳስተያያት ከሁለቱም እጥፍ ድርብ ትበልጣለች። ማብሪያው አማዞን ጫካ ውስጥ ምን እንደሚሠራም አልጠየቅኋችሁም።

እንግዲህ የምለምናችሁ፦ ፎቶው ከየት አገር፣ ከየትኛው ቦታ እንደተነሳ የምታውቁ ከሆነ ጻፉልን። ፎቶውን በትልቁ ካገኛችሁት የእግሯን በኩል ቁረጡና አውጡልን፣ ልጆቹ ይመልከቱት። ማረሚያውም በዚያችው ጥግ ቢሆን ይሻላል፣ ተማሪዎቼ ሌላውን ገጽ አያዩም።

የአክስቴን ጌኮ በዚያው ምሽት ለቀቅናት፣ አምፖሉ ጋ ተመለሰች። የጋዜጣው ቁራጭ አሁንም ክፍሉ ግድግዳ ላይ ነው። ያ ልጅ «አማዞን» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዞ የጥያቄ ምልክት አድርጎበታል። «ኮምቦልቻ» ብሎ ሊጽፍ ነበር፣ እኔ ነኝ የከለከልኩት።

አክባሪያችሁ
አንድ የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ