ለደንበኞቻችን፦ የካምቢዮ ፊልትሮ ልትገዙ ስትመጡ አሮጌውን ይዛችሁ ኑ የምንልበት ምክንያት

ውድ ደንበኞቻችን፣ እንደምን ከረማችሁ።

ሰሞኑን ለትራክተራችሁ የካምቢዮ ፊልትሮ ልትገዙ መጥታችሁ ባዶ እጃችሁን የመለስናችሁ አላችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም እንደተቀየማችሁን ገብቶናል። "ይሄው መደርደሪያው ላይ ይታየኛል፣ ልኩም ያው ነው፣ ለምን አትሸጡልኝም" ያለን ሰው ነበር፣ እውነቱን ነው፣ ዕቃው ነበረ። ያልሸጥንለት የትራክተሩን ሞዴልና የሻሲ ቁጥር ስላልያዘ፣ አሮጌውን ፊልትሮም ስላላመጣ ነው። ይሄ አሰራር ደግሞ ከዚህ በኋላም ስለሚቀጥል ለእያንዳንዳችሁ በስልክ ከምናስረዳ አንዴ ቁጭ ብለን እንጻፈው አልን። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱን።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን እንናገር። ከመኪና ጋር የኖረ ሰው የካምቢዮ ዘይት ሲባል ጥርሶቹን ከማለስለስ ያለፈ ስራ ያለው አይመስለውም፣ በመኪና ከሆነ ብዙ አልተሳሳተም። ትራክተር ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው አንዱ ዘይት ነው ሁሉንም የሚሰራው፣ ካምቢዮውን ያለሰልሳል፣ ዲፈረንሻሉን ያለሰልሳል፣ ዘይት ውስጥ የተነከረውን ፍሬን ያቀዘቅዛል፣ ከዛ ደግሞ ዞሮ በፖምፓ ተስቦ ማረሻውን የሚያነሳው ሀይድሮሊክ እሱው ነው፣ በብዙ ሞዴል ላይ የፒቲኦ (ከኋላ ለሚታሰር መሳሪያ ጉልበት የሚሰጠው ዘንግ) ፍሪሲዮንና መሪውም ከዚሁ ነው የሚጠጡት። ስለዚህ ከጥርስ የተፋቀ ብረት፣ ከፍሬን ሸራ የረገፈ ጥቁር ብናኝ፣ በመተንፈሻው የገባ አቧራ፣ ሁሉም እዛው አንድ ገንዳ ውስጥ ይዋኛል ማለት ነው። የፖምፓው የውስጥ ክፍተት ደግሞ ከፀጉር የቀጠነ ነው። በመሀል የቆመው ፊልትሮው ብቻ ነው፣ እሱም ቢሆን ከስር ጭቃ ተለጥፎበት ስለሚኖር ማንም አያየውም። የሞተሩን ፊልትሮ በሰዓቱ የሚቀይር ጎበዝ ኦፕሬተር እንኳን የዚህኛውን ስንጠይቀው "እሱ ደግሞ አለው እንዴ?" ያለን ጊዜ አለ።

እሺ፣ ልኩ ያው ከሆነ ለምን አንሸጥም? የፊልትሮው ማሰሪያ ጥርስ ገጠመ ማለት ፊልትሮው እሱ ነው ማለት ስላልሆነ ነው። ሁለት ፊልትሮ በቁመትም በውፍረትም በጥርስም እኩል ሆነው ውስጣቸው ፈጽሞ ላይገናኝ ይችላል፣ ወረቀቱ የሚያሳልፈው የቅንጣት መጠን ይለያያል፣ ሲደፈን የሚከፈተው የባይፓስ ቫልቭ የሚከፈትበት ግፊት ይለያያል፣ አንዳንዱ ጭራሽ ባይፓስ የለውም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፊልትሮው የተቀመጠው ከፖምፓው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ወሳኝ ነው። ከፖምፓው በፊት ከሆነ ፖምፓው ዘይቱን በፊልትሮው ውስጥ አድርጎ ይስባል፣ የመሳብ አቅሙ ደግሞ ውስን ነው፣ ከከባቢው አየር ግፊት ማለትም ከ1 ባር ገደማ ማለፍ አይችልም። እዛ ቦታ ላይ ጥርሱ ስለገጠመ ብቻ የሞተር ዘይት ፊልትሮ ብታስሩበት ወረቀቱ ደቂቅ ስለሆነ በተለይ ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ ሳለ ፖምፓው ይታነቃል፣ ባይፓሱም በቂ ግፊት ስለማያገኝ ላይከፈት ይችላል፣ ፖምፓው ይጮሃል፣ እየጮኸ ራሱን ይበላል። በተቃራኒው ለመሳቢያ በኩል የተሰራውን ግፊት ያለበት ቦታ ብታስሩት ቆርቆሮው ሊያብጥ ሊፈነዳም ይችላል። ከውጭ ሲያዩት ግን ሁለቱም ያው ቆርቆሮ ናቸው። መደርደሪያ ላይ አይታችሁ "ያው ነው" ስትሉን ጭንቅላታችንን የምንነቀንቀው ለዚህ ነው።

አሁን አሮጌውን አምጡ ወደሚለው እንምጣ። እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ መናገር አለብን። አንድ የቆየ ደንበኛችን ትራክተሩን አምጥቶ የኛ መካኒክ ፊልትሮ ቀየረለት፣ ሄደ። በሁለተኛው ቀን ደወለና "ማረሻውን ሳነሳ ይንቀጠቀጣል፣ ከስር ደግሞ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ አለው" አለን። ዘይት ያፈሳል ወይ አልነው፣ ጠብታ የለም አለ። እኛም በስልክ "እንግዲያው አንሶ ይሆናል፣ ጨምርበት" አልነው (በስልክ መካኒክ መሆን እንዲህ ነው)። ጨመረ፣ ባሰበት። ሲመጣ የዘይት መለኪያውን ስንመዘው ዘይቱ የሳሙና አረፋ መስሏል። ፊልትሮውን ፈታነው፣ የሚታሰርበትን ቤት በጨርቅ ስንጠርገው ጥፍር የሚይዘው ነገር አለ፣ በባትሪ ስናየው የአሮጌው ፊልትሮ ጎሚኒ (አፉ ላይ የሚቀመጠው የጎማ ቀለበት) ነው፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ ጠፍጥፎ እዛው ቀርቷል፣ አዲሱ ከነጎሚኒው በላዩ ላይ ታስሮበታል። ጎሚኒ በጎሚኒ ላይ አይዝም። ይሄ ፊልትሮ ደግሞ የመሳቢያ በኩል ስለሆነ ሞተሩ ሲሰራ ዘይት ወደ ውጭ አያፈስም፣ አየር ወደ ውስጥ ይስባል እንጂ፣ ለዛ ነው መሬት ላይ ጠብታ ያልታየው። ጥፋቱ የኛ ነበር፣ ፖምፓውን ፈተን በራሳችን ወጪ ነው ያደስንለት፣ ይቅርታም ጠይቀናል።

ከዛ ቀን ጀምሮ ወርክሾፓችን ውስጥ አንድ ህግ አለ፣ አሮጌው ፊልትሮ ከነጎሚኒው ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጠ አዲሱ ከካርቶኑ አይወጣም። እናንተም ቤታችሁ ስትቀይሩ አሮጌውን ይዛችሁ ስትመጡ መጀመሪያ የምናየው አፉ ላይ ጎሚኒው መኖሩን ነው። ከሌለ ትራክተራችሁ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፣ ሳትሄዱ እንነግራችኋለን።

ሁለተኛው ነገር ሆዱን እንቀደዋለን፣ እናንተ ፊት። በሴጌቶ (በብረት መጋዝ) አይደለም፣ ሴጌቶ የራሱን የብረት ብናኝ ስለሚጨምርበት የቱ ከየት እንደመጣ አይለይም፣ በሚሽከረከር የቆርቆሮ መቁረጫ ነው። ወረቀቱን ዘርግተን ጨምቀን ብርሃን ላይ እናየዋለን። እንደ ግራጫ ቅባት የሆነ በጣም ደቂቅ ነገር ካለ አትጨነቁ፣ ጥርስ ሲሰራ ይፋቃል፣ ማፍሰሻው ቡሎን ላይ ባለው ማግኔትም ፀጉራም ጭቃ መስሎ የሚገኘው እሱ ነው። በጣት ሲዳሰስ የሚቆጠር ስንጥር ወይም ፍርፋሪ ካለ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፣ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ እየተበላ ነው። ማግኔት የማይስበው ወርቃማ ብልጭልጭ ካየን ነሀስ ነው፣ ከቡሽ (ዘንግ ውስጡ ከሚዞርበት የብረት ቀለበት) ወይም ከፖምፓው ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭረት ጭረት የሚል እንደ ክር ያለ ነገር የፍሬን ወይም የፍሪሲዮን ሸራ ነው። ወረቀቱ አብጦ ተሸብሽቦ ከመጣ ደግሞ ውሃ ገብቷል፣ ያኔ መለኪያው ላይም ዘይቱ ወተት ወተት ሊል ይችላል። ባለፈው አንዱ ጋ ጥቁሩን ክር አግኝተን ጠየቅነው፣ ሹፌሩ እግሩን ፍሬን ላይ አሳርፎ የሚነዳ ሆኖ ተገኘ። ዲስኮቹ ሳያልቁ ተደረሰበት።

ራሳችሁ የምትቀይሩ ደግሞ እነዚህን ልብ በሉልን። ትራክተሩን ትንሽ አሰሩት፣ ዘይቱ ለብ ይበል ግን አያቃጥል፣ ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙት፣ ማረሻውን ወይም ያለውን ዕቃ መሬት አስቀምጡ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ጎማውን በእንጨት ወይም በድንጋይ አግዱ፣ ቁልፉን ነቅላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ፣ ሌላ ሰው እንዳያስነሳው። ከዛ ፊልትሮውን ሳትነኩት በፊት ዙሪያውን አጽዱ፣ ይሄንን በጣም አደራ፣ ምክንያቱም አዲስ ፊልትሮ በሚታሰርበት ደቂቃ የሚገባው አቧራ ፊልትሮው ሳይነካው ፖምፓ ሊገባ ይችላል። እኛ ጋ ከሚመጡት የተቦጫጨሩ ፖምፓዎች ስንቱ በዘይት እርጅና ስንቱ በአቀያየር እንደተበላ ቆጥረን አናውቅም፣ የኛ ግምት ግን አቀያየሩ ይበልጣል ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ማኑዋሉን እዩ፣ አንዳንዱ ትራክተር ፊልትሮው ከዘይቱ ከፍታ በታች ስለሆነ ፈታችሁት ማለት ዘይቱ በሙሉ ተከትሎ ይመጣል፣ እንደ ትራክተሩ መጠን ከ20 ሊትር እስከ 60 ሊትር እና ከዛም በላይ ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ሳህን አይቻልም። አዲሱን ስታስሩ ጎሚኒውን በንጹህ በራሱ ዘይት ቀቡት፣ በደረቁ ካሰራችሁት ይጠማዘዛል፣ ቤቱን በጣታችሁ ዙሩበት፣ ለስላሳ መሆን አለበት። ጎሚኒው ብረቱን ከነካ በኋላ በእጅ ብቻ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን ያህል አዙሩ፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ እስከ ሶስት ሩብ ዙር ነው። በቁልፍ አታጥብቁት፣ ቁልፍ ለመፍቻ ነው እንጂ ለማሰሪያ አይደለም፣ በቁልፍ የታሰረውን ቀጥሎ የሚፈታው ሰው ይራገማችኋል፣ ያ ሰው ብዙ ጊዜ እኛ ነን። ውስጡን ዘይት ልሙላው የምትሉ ካላችሁ በመሀሉ ትልቅ ቀዳዳ አታፍስሱ፣ እሱ የተጣራው ዘይት የሚወጣበት ነው።

አስነሱና ጋዝ ሳትሰጡ ጥቂት ደቂቃ ተዉት፣ ማንሻውን ሁለት ሶስቴ ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ መሪውን ግራና ቀኝ አዙሩ፣ አጥፉት፣ ዕቃውን መሬት አውርዳችሁ መለኪያውን እዩ። ከፍ ብሎ ሳለ ከለካችሁት ዘይቱ ሲሊንደር ውስጥ ስለሆነ ያነሰ ይመስላችሁና ከልክ በላይ ትሞላላችሁ። የሚያፈስ ቦታ ካለ ደግሞ በእጃችሁ እየዳበሳችሁ አትፈልጉ፣ ካርቶን አስጠጉበት። በግፊት የሚወጣ የሀይድሮሊክ ዘይት ክር እንኳን የማያክል ሆኖ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፣ ቁስሉ መርፌ የወጋ ብቻ ይመስላል፣ ግን እጅ የሚያስቆርጥ ነው፣ እንዲህ ከሆነ ሳታድሩ ያኔውኑ ሀኪም ቤት።

መቼ ነው የሚቀየረው ለሚለው፣ የናንተ ማኑዋል ያለው ነው መልሱ። በብዙ አዲስ ትራክተር ላይ የመጀመሪያው በ50 ሰዓት ገደማ ነው፣ አዲስ ጥርስ እርስ በርሱ ሲላመድ ብዙ ስለሚፈቀፍቅ፣ ከዛ በኋላ ያለው እንደ ሞዴሉ በመቶዎች በሚቆጠር ሰዓት ነው። ካላንደር ላይ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ቆጣሪው ላይ ነው የምታዩት፣ ቆጣሪው የተበላሸባችሁ አስጠግኑት። ስትቀይሩ ቁጥሩን ፊልትሮው ጀርባ ላይ በማርከር ጻፉበት፣ ደብተር ይጠፋል ፊልትሮው አይጠፋም።

ስለ ዘይቱ በአጭሩ። ማኑዋሉ ያለውን ደረጃ ተከተሉ፣ ጆንዲር ላይ ጄ20ሲ፣ ማሲ ፈርጉሰን ላይ ኤም1145 የሚሉ ኮዶች ታያላችሁ፣ ባልዲው ጀርባ ላይ የናንተ ኮድ ካልተጻፈ ፊት ለፊቱ ላይ "ለሁሉም ትራክተር" ቢልም አትመኑት። የሞተር ዘይት ተርፎኛል ብላችሁ ማኑዋሉ ሳይፈቅድ አትጨምሩ፣ ዘይት ውስጥ ያለው ፍሬን የሚይዝበትን ጠባይ የሚሰጠው ቅመም ስለሌለው ፍሬኑ እየጮኸ ይንቀጠቀጣል።

እንግዲህ ስትመጡ የትራክተሩን የሞዴልና የሻሲ ቁጥር ሰሌዳ በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ፣ አሮጌውን ፊልትሮ በፌስታል ጠቅልላችሁ ኑ። ትራክተሩ ቆሞ አሮጌውን መፍታት ካልቻላችሁ ፎቶው ብቻ ይበቃል፣ አሮጌውን ቆይታችሁ ታመጡታላችሁ። ያፈሰሳችሁትን ዘይትም መሬት ላይ አትድፉት፣ በጀሪካን ካመጣችሁ እንቀበላችኋለን። ፖምፓው አሁኑኑ እየጮኸባችሁ ያላችሁ ደግሞ ይቺን እርሻ ልጨርስ አትበሉ፣ አቁሙትና ደውሉ።

አንድ ነገር ብቻ፣ አሮጌውን ስታመጡ አታጽዱት። ደንበኛችን አንዱ፣ ጨዋ ሰው፣ ቆሻሻ ይዤ እንዴት ሰው ቤት እገባለሁ ብሎ ውስጡን በናፍጣ አጥቦ፣ ደጋግሞ አራግፎ፣ በኮምፕሬሰር ነፍቶ አብለጭልጮ አመጣልን። ቀደድነው፣ ወረቀቱ አዲስ መስሏል፣ ምንም የሚነበብ ነገር አልቀረበትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የመለዋወጫ ክፍሉና ወርክሾፑ