ወደ ጆንሰን ክሪክ የካምፕ በረራ

ሰላም ቤተሰብ፣

ከአርብ ነሐሴ 8 (ኦገስት 14) እስከ እሁድ በየአውሮፕላኖቻችን በርረን፣ አይዳሆ ውስጥ ጆንሰን ክሪክ የሣር አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ድንኳን ተክለን እንሰነብታለን። የምትመጡ እስከ ሐምሌ 25 አሳውቁኝ።

ሐሙስ ማታ እዚያው አይዳሆ፣ ማኮል ከተማ እናድራለን። ጆንሰን ክሪክ ነዳጅ ስለሌለ ማኮል ላይ ቅዱ፤ ግን እንዳይከብዳችሁ ከሚያስፈልጋችሁ በላይ አትሙሉ። አርብ ልክ ጠዋት 2 ሰዓት እንነሳለን። የሐበሻ ቀጠሮ አይደለም! የማኮልና የጆንሰን ክሪክ ሰዓት ከሲያትል በ1 ሰዓት እንደሚቀድምም አትርሱ።

የምንቸኩለው በሙቀቱ ምክንያት ነው። ሜዳው ከባህር ወለል 5 ሺህ ጫማ ገደማ ከፍ ይላል፣ የማኮብኮቢያው ርዝመት 3,400 ጫማ ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ይላል ብላችሁ አትናቁት። ቀኑ ሲሞቅ አየሩ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይደክማል፣ ለመነሳትም ረጅም መንደርደሪያ ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሸለቆው ውስጥ ነፋሱ ያስቸግራል። ስለዚህ ስንመለስም በጠዋት ነው።

ኮንትሮል ታወር የለም። በሬዲዮ በ122.9 ሜጋኸርዝ ያላችሁበትን ተናገሩ። በተለምዶ የሚታረፈው ወደ ደቡብ፣ የሚነሳው ወደ ሰሜን ነው። የተራራ በረራ ልምድ የሌለው ካለ ቀድሞ ከአሠልጣኝ ጋር ይውጣ፤ በዚህ አልደራደርም።

ድንኳን፣ ወፍራም ልብስ (ሌሊቱ ይበርዳል)፣ የአውሮፕላን ማሰሪያ ገመድና ካስማ ያዙ። በዚያ ወቅት እሳት ሊከለከል ስለሚችል የጋዝ ምድጃም ይኑር። ፍልሰታ ስለሆነ ምግቡ የጾም ነው፤ ሽሮውን እኔ እችላለሁ። እንጀራ ማን ይይዛል?

ስትመልሱ የአውሮፕላናችሁን ዓይነት፣ የሰው ብዛትና ትርፍ ወንበር ካላችሁ ጻፉልኝ።