ለአባባ፦ «ማሽኑ ካወቀ አንቺ ምን ትሠሪያለሽ?»

ኮምቦልቻ፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም አባባ፤ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ማሽኑ ሁሉን የሚያውቅ ከሆነ የአንቺ ምርምር ለምን ይጠቅማል?» ብለው ሲጠይቁኝ መስመሩ ተቋረጠ። መልሼ ያልደወልኩት በስልክ የሚያልቅ ጨዋታ ስላልሆነ ነው። ይህን የሚያነብልዎት ታናሽ ወንድሜ እየዘለለ ማንበብ እንደሚወድ አውቃለሁና ከአጠገብዎ እንዳይነሳ ያድርጉልኝ።

ኮድ ማለት ለኮምፒውተር የሚጻፍ ትእዛዝ ነው። ሰው ፕሮግራመር ሲባል አዲስ ኮድ ሲጽፍ የሚውል ይመስለዋል። እውነቱ ግን አብዛኛው ጊዜው የሚያልቀው የተጻፈውን በማንበብ ነው፤ በ78 ባለሙያዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ከሥራ ሰዓታቸው 58 በመቶ ያህሉ ኮድን ለመረዳት እንደሚውል አሳይቷል። ጸሐፊው ሥራ ለቆ ሄዷል፣ ማብራሪያ አልተወም፣ ፕሮግራሙ ግን ደመወዝ ያሰላል፣ ቀጠሮ ይይዛል፤ ይቁም ቢሉት አይቆምም። አሁን ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣና «ይህ መስመር ምን ይሠራል?» ሲሉት ወዲያው ያብራራል። ጠላቱ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2024 የቀረበ፣ 32 ሰዎች የተሳተፉበት ጥናት እንዲህ ያለው አጋዥ ኢንተርኔት ላይ ከመፈለግ ይልቅ ሥራን ለመጨረስ እንደሚረዳ አረጋግጧል፤ ጥቅሙ ግን ለተማሪውና ለባለሙያው አንድ ዓይነት አልነበረም።

የእኔ ጥያቄ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ማብራሪያውን ያነበበው ሰው ገብቶታል ወይስ የገባው መስሎታል?

ለጥናቴ የክሊኒክ ቀጠሮ የሚመዘግብ አነስተኛ ፕሮግራም አዘጋጅቼ ነበር። ውስጡ ከሰዓቱ ላይ 6 የሚቀንስ አንድ መስመር አለ፤ ለምን እንደሚቀንስ የሚናገር ነገር የለም። እርስዎ ቢሰሙት ወዲያው ያውቁታል፤ ሌላው ዓለም ጠዋት 8 ሰዓት የሚለውን እኛ 2 ሰዓት እንላለን። አጋዡ ግን «የሰዓት ቀጠና ልዩነትን ያስተካክላል» ብሎ በተዋበ ቋንቋ አብራራ። ደሴ ተወልዶ ያደገ አንድ ጎበዝ ወጣት ይህን አነበበና «ገብቶኛል» አለ። ከዚያ ፕሮግራሙን እንዲያሻሽል ስጠይቀው፣ ኢትዮጵያ ከግሪንዊች የምትቀድመው በ3 ሰዓት ነውና 6ቱ ስሕተት ነው ብሎ 3 አደረገው። የጠዋቱ የ2 ሰዓት ቀጠሮ 5 ሰዓት ላይ ወደቀ! ልጁ ጨርሶ ሲነሳ የእጅ ሰዓቱን አየና «ስድስት ሰዓት ሆነ እኮ፣ ምሳ ደረሰ» አለኝ። ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት አላህ ያውቃል። የሚያስፈልገው እውቀት በእጁ ላይ ታስሮ ነበር፤ ማብራሪያው ቀድሞ ስለመጣ ግን አልፈለገውም። አጋዡን ሳትጠይቅ መስመሩን ራሷ ያየች ሌላ ልጅ ደግሞ «ይህማ የእኛ ሰዓት ነው» ብላ አለፈች።

ነገሩ የጀማሪ ብቻ እንዳይመስልዎት። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ ጥናት 16 ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች በሚገባ በሚያውቁት ኮድ ላይ 246 ሥራዎች ሲሠሩ ተከታትሏል። አጋዡን ሲጠቀሙ 19 በመቶ የበለጠ ጊዜ ወሰደባቸው። ሲጨርሱ ተጠይቀው ግን 20 በመቶ እንዳፋጠናቸው ነበር የሚያምኑት። መዘግየታቸው ያን ያህል አላስደነቀኝም፤ አለማወቃቸው ነው ያስደነቀኝ።

እንግዲህ የምሠራው መሣሪያ ከመመለሱ በፊት «አንተስ ምን ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሲመልስም የትኛውን መስመር ይዞ እንደተናገረ ያሳያል፤ ከኮዱ ያነበበውንና የገመተውን ይለያል። ኪታብ ሲቀሩ ያቀሩዎት ሼኽ ደረሳው ራሱ ትርጉሙን ሳይናገር ኅዳግ ላይ ያለውን ማብራሪያ፣ ሐሺያውን፣ አያስነኩም ነበር ብለው ያጫወቱን ትዝ ይልዎታል? ከዚያ ነው የሰረቅሁት።

ችግሩ ሰዎች ጥያቄውን አይወዱትም። አንዱ «ፈተና ላይ የተቀመጥኩ መሰለኝ» ብሎ አጠፋው። አማካሪዬ «የፈለገ ያጥፋው» ይላሉ፤ እኔ ግን ሁሉም ካጠፋው ምን ሠራሁ? ለጊዜው የደረስኩበት ይህ ነው፦ ለማንበብ ብቻ ለመጣ መልሱ ይሰጠው፣ ኮዱን ሊቀይር የተነሳ ግን መጀመሪያ ያሰበውን ይናገር። ልክ መሆኑን በሚቀጥለው ዙር አያለሁ። እስከዚያው አንድ ነገር አስታውሰው ይላኩልኝ፦ ደረሳ ሲሰለችና ሲያኮርፍ ሼኹ ምን ያደርጉ ነበር? ይለቁት ነበር ወይስ ያባብሉት?

የማሽላው ወፍ ጥበቃ ለታናሼ ይተው፤ እርስዎ ፀሐይ ላይ አይዋሉ። የዓይን ሐኪሙን ለኅዳር መጀመሪያ ይዤልዎታለሁ። ከቢስቲማ በጠዋቱ መኪና ይሳፈሩ፣ ደሴ መናኸሪያ እጠብቅዎታለሁ። ቀጠሮው 4 ሰዓት ነው፤ በእኛው አቆጣጠር መሆኑን ሁለት ጊዜ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። የድሮውን መነጽርም ይዘው ይምጡ፣ ሐኪሙ ሊያየው ይፈልጋል።

ልጅዎ